ቀን የሚያሳስት አሮጌ ፕሮግራም፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጣና_ሒሳብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር መዝገብ ቪዥዋል ፎክስፕሮ 6 በተባለው የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት መሥሪያ ተሠርቶ እስከ ዛሬም በዚያው ይሠራል። አባላቱ ዓሣ አስጋሪዎችና የዘጌ ቡና አምራቾች ናቸው፤ ብድሩ በአብዛኛው ለመረብና ለጀልባ ሞተር ነው።

ቀን የሚገባበት መስክ ስምንት ፊደል የሚይዝ ተራ ጽሑፍ ነው፤ 25/02/98 ተብሎ ይጻፋል። አቆጣጠሩ የእኛው ነው፣ ዓመቱ ግን ሁለት አሃዝ ብቻ ነው። በ98 ተሰጥቶ በ02 የተዘጋ ብድር ዕድሜው ከዜሮ በታች 96 ዓመት ሆኖ ይወጣል። ሪፖርቱ በቀን ይደርደር ሲባል 01/01/17 ከ30/12/97 ይቀድማል። ወለድ ሲሰላ ጳጉሜን እንደሌለች ትታለፋለች። በዚህ ላይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንዱ ኮምፒውተር ቀኑን ወደ ኋላ ስለሚመልስ ደረሰኝ ላይ የማይሆን ዓመት ይታተማል።

ቦርዱ ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ተከፋፍሏል። አንዱ ወገን ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ነው ይላል፤ ሌላው አይቶ የተረከበው ማኅበሩ ራሱ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ የዓለም ችግር ነው፤ ፈረንጆቹም በ2000 እ.ኤ.አ. ተቸግረውበታል፤ ማንም አይጠየቅም» ባይ ነው። የማስተካከያውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው በዚሁ መልስ ላይ ስለተንጠለጠለ የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ኮድ_አንባቢ፦

ሦስተኛው ወገን ለ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢሆን ልክ ነበር፤ ለእናንተ ፕሮግራም ግን አይሠራም። ምክንያቱን ላስረዳ።

ሁለት አሃዝ ዓመት የመጣው ቦታ ስለጠበበ ነው። መረጃ የሚቀመጠው ቀዳዳ በሚበሳበት ካርድ ሲሆን አንዱ ካርድ 80 አምድ ብቻ ነበረው። የልደት፣ የቅጥርና የክፍያ ቀን የያዘ ካርድ ላይ «19»ን መተው 6 አምድ ያተርፋል፤ የአንድ ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ማለት ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው አይቢኤም 1401 ኮምፒውተር ትንሹ ሞዴሉ ሚሞሪው 1,400 ፊደል ነበር። አሁን የምታነቡት መልስ ለብቻው ያንን ማሽን ይሞላውና ይተርፋል። በዚያ ጊዜ ሁለት አሃዝ የቆረጠ ሰው ለአሠሪው ገንዘብ ቆጥቧል። እሱን ጥፋተኛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥፋት የሚጀምረው ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ልማዱ ሲቀጥል ነው። ቦብ ቢመር የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ በ1971 እና በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ጽሑፎች ሁለት አሃዝ ዓመት ጣጣ እንደሚያመጣ አስጠንቅቋል። የሰማው ጥቂት ነው። እንዲያውም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1968 እ.ኤ.አ. ለመሥሪያ ቤቶቹ ያወጣው ደረጃ ስድስት አሃዝ ቀንን የሚያዝ ነበር፤ ለዓመት ሁለት፣ ለወር ሁለት፣ ለቀን ሁለት። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለመንግሥት የጻፈ ፕሮግራመር ደንብ አክብሮ ነው የተሳሳተው። በዚያ ዘመን ከኮድ ጸሐፊው ይልቅ ደረጃ አውጪው ይበልጥ ይጠየቃል ባይ ነኝ።

ስህተት እያወቁ የሚወርሱትም አሉ። ሎተስ 1-2-3 የተባለው የድሮ የሠንጠረዥ ማስሊያ ፕሮግራም የ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን እንዳለው አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ኖሮ አያውቅም። ኤክሴል ሲመጣ የሎተስ ፋይሎች እንዳይዛቡበት ያንኑ ስህተት ሆን ብሎ ያዘ፤ ዛሬም ቁጥር 60 ብላችሁ በቀን መልክ እንዲያሳይ ብታዙት የሌለውን ቀን ይሰጣችኋል። አንዱ አጠፋ፣ ሌላው ለተጠቃሚው ሲል ጥፋቱን አጸናው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቪዥዋል ፎክስፕሮ 6 የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓለም ሁሉ ስለ 2000 በሚያወራበት ሰዓት። እስቲ 25/02/98 የሚለውን ቁጠሩት፤ ከሁለቱ ስላሾች ጋር ስምንት ፊደል ነው። 19980225 የሚለውንም ቁጠሩት፤ እሱም ስምንት ነው። የተቆጠበ አንድም ባይት የለም፤ የክፍለ ዘመኑን ቦታ የበሉት ሁለቱ ስላሾች ናቸው። ሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ በቅደም ተከተል ይደረደራል። «በዘመኑ ቦታ አልነበረም» የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ጳጉሜን_ስድስት፦

ወንድሜ ኮድ_አንባቢ ያለው ስለ ሁለቱ አሃዝ እውነት ነው፤ ስለ ጽሑፍ መስኩ ግን ለፕሮግራመሩ አንድ ነገር ልናገርለት። የፎክስፕሮ የቀን መስክ የሚያውቀው የፈረንጁን ካሌንደር ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀንን 30/02 ብላችሁ ብታስገቡ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ይገፋዋል፤ 13ኛ ወር ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ሰውዬው ወደ ጽሑፍ መስክ የሸሸው ለዚህ ነው። መሸሹ ልክ ነበር። ስህተቱ ከሸሸ በኋላ ቀኑን የሚፈትሽና የሚያሰላ ኮድ አለመጻፉ ነው። የቀን መስክን የሚጠብቀው ማሽኑ ነው፤ የጽሑፍ መስክን ግን እሱ ራሱ ካልጠበቀው ማንም አይጠብቀውም።

መዝገቡን ወደ ኤክሴል እናዛውረው የሚል ሰው ከመጣባችሁ ይህን አሳዩት። ኮምፒውተሩ ወሩን በሚያስቀድመው በአሜሪካ አቀማመጥ ከተስተካከለ 05/13/2015፣ ማለትም ጳጉሜን 5፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ይሆናል። መስከረም 12 ተብሎ የገባው 12/01/2015 ዲሴምበር 1 ይሆናል። 25/02/2015 ግን 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀራል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ቀኑን በሚያስቀድመው በእንግሊዝ አቀማመጥ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ከጳጉሜን በስተቀር የሚያስቸግሩት ጥቅምት 30 እና (በአብዛኛው ዓመት) ጥቅምት 29 ብቻ ናቸው። ማሽኑ ግን የሚቀንሰው በፈረንጅ ወር ነው፦ ከ25/02/2015 እስከ 05/03/2015 ስምንት ቀን ይላችኋል፤ ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 ግን አሥር ቀን ነው።

ጳጉሜን ላይ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚፈሰው እዚህ ነው። ደመወዝና የቤት ኪራይ በወር ስለሚታሰቡ ጳጉሜን ለብቻዋ አትከፈልም፤ ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወለድ ግን በቀን የሚሰላ ከሆነ ልማዱ አያድነውም። ከነሐሴ 25 ቀን 2016 እስከ መስከረም 5 ቀን 2017 ድረስ 15 ቀን አለ፤ «12 ወር በ30 ቀን» ብሎ የሚያሰላ ፕሮግራም 10 ይለዋል። ለምሳሌ 100,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ቢሆን የአምስቱ ቀን ወለድ 246 ብር ከ58 ሳንቲም ነው። በአንድ ተበዳሪ ትንሽ ነው፤ በየዓመቱ በሁሉም ተበዳሪ ላይ ሲደጋገም ግን ማኅበሩን የሚጎዳ ቀዳዳ ነው። የዓመቱ ወለድ በ12 ወር ተካፍሎ ጳጉሜን ነፃ ትሁን ብላችሁ ከወሰናችሁ ያም ይቻላል፤ ግን ውሳኔው የጠቅላላ ጉባኤው እንጂ የፕሮግራመሩ አይደለም። በመመሪያችሁ ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ በዚህ በኩል ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ቀኖችን ለመቀነስ አንዱ አስተማማኝ መንገድ ሁሉንም ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር መለወጥ ነው፦

የቀን ቁጥር = 1723856 + 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን − 31

ውጤቱ የከዋክብት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የጁሊያን የቀን ቁጥር ነው። የሁለት ቀኖችን ልዩነት ለማግኘት አንዱን ከሌላው መቀነስ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ትገባለች፤ ስድስተኛዋም ቀን ራሷ ትመጣለች። ለመስከረም 1 ቀን 2016 ስታሰሉት 2460200 ካልሰጣችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ኮዱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልስ ደግሞ በአንድ ቀን ፈትኑት፦ የካቲት 23 ቀን 1888። ዓድዋ የሆነው በማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በዓሉን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። በመካከል ያለችው አንድ ቀን የመጣችው ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉና እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት ጳጉሜን 6 ስለምንል ነው። «መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ወይም 12» ብሎ የጻፈ ኮድ ለዓድዋ ማርች 2 ይሰጣል። ያው ኮድ ከማርች 2100 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በአንድ ቀን ይስታል።

ሰነድ_ይናገር፦

ስለ ወጪው ልናገር። ሦስት ወረቀት ፈልጉ፦ ውሉ ላይ የተያያዘው የሥራ ዝርዝር፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ የጥገና ውል ካለም እሱ። የሥራ ዝርዝሩ «በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር» የሚል ከሆነ ጳጉሜን የአቆጣጠሩ አካል ስለሆነች ፕሮግራመሩ ያስረከበው ያልተሟላ ሥራ ነው። ሁለት አሃዙን ግን ማኅበሩ በየቀኑ በዓይኑ እያየ ተረክቦታል፤ «የተደበቀ ጉድለት ነው» ማለት ይከብደዋል። እኔ ብሆን ኖሮ ወጪውን በዓይን የሚታዩት ስህተቶች ለገዥው፣ የስሌቱ ለሻጩ ብዬ እከፋፍለው ነበር።

በኮድ_አንባቢ ሐሳብ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ምክንያቱ ካለፈ በኋላ የቀጠለ ሁሉ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ባለፉት ዓመታት ሪፖርቱን እየፈረሙ ያለፉት ኦዲተሮችና ሥራ አስኪያጆችስ? ከዜሮ በታች 96 ዓመት የሚል መስመር ታትሞ እያዩ ፈርመዋል። የመጀመሪያውን ሰው ብቻ ይዞ መቅረት ለቦርዱ ይቀልለው ይሆናል፣ ፍትሕ ግን አይደለም።

ጣና_ሒሳብ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሥራ ዝርዝሩ ተገኝቷል፤ «በኢትዮጵያ ካሌንደር የሚሠራ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለው። ስለ ወለድ አቆጣጠር መመሪያው ዝም ብሏል። ዋናው ኮድ በእጃችን አለ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1994 ነው። አንድ የጥገና ባለሙያ «መስኩን ከስምንት ወደ አሥር ፊደል ማስፋትና ሴንቸሪ ኦን (ዓመትን በአራት አሃዝ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ማድረግ ነው» ብሎናል። ይበቃል?

ዲቢኤፍ፦

አይበቃም፤ ያበላሻችኋልም። ሴት ሴንቸሪ ኦን የሚለው ትእዛዝ የሚነካው የቀን ዓይነት መስክን ብቻ ነው፤ የእናንተ ጽሑፍ ስለሆነ ምንም አይለውጥም። መስኩን ማስፋቱ የባሰ ነው። ኮዱ ውስጥ ዓመቱን «ከሰባተኛው ፊደል ጀምሮ ሁለት» ብሎ የሚቆርጥ መስመር በብዙ ቦታ ይኖራል፤ 25/02/1998 ላይ ያንን ሲያደርግ የሚያገኘው «19» ነው። የ1990ዎቹ ብድር ሁሉ 19፣ የ2000ዎቹ ሁሉ 20 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ስህተት ሳያወጣ ዝም ብሎ ይሠራል።

የድሮውን መስክ ሳትነኩ ጎኑ ላይ አዲስ ጨምሩ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ከፕሮግራሙ ይውጣና ሙሉውን ፎልደር ገልብጡ፤ ሠንጠረዡ ያለበትን ዲቢኤፍ ፋይል ብቻ ሳይሆን የማስታወሻ መስኮቹን ይዘት የያዘውን ኤፍፒቲና ማውጫውን ሲዲኤክስም። ማስታወሻ መስክ ያለው ሠንጠረዥ ኤፍፒቲው ከሌለ አይከፈትም። ፓክ የሚለውን ትእዛዝ በዚህ ደረጃ አትንኩ፤ በዲቢኤፍ የተሰረዘ መስመር ምልክት ብቻ ይደረግበታል እንጂ አይጠፋም፣ ፓክ ግን ያጠፋዋል። የተሰረዘው ለማጣራት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ከዚያ ስምንት ፊደል የጽሑፍ መስክ ጨምሩ፤ ይዘቱ ዓመት በአራት፣ ወር በሁለት፣ ቀን በሁለት። ለብድር ቀኖች ማኅበሩ ከ1994 በፊት ስላልነበረ ውሳኔው ቀላል ነው፦ ከ94 እስከ 99 ያለው 19፣ ከ00 ጀምሮ ያለው 20 ይቀደምለት። ባዶ ቀኖችን ተጠንቀቁ። ባዶውን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ስትለውጡት ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ደግሞ በዚህ ሕግ 2000 ነው። ያልተከፈለ ብድር ሁሉ በ2000 ተዘጋ ይላችኋል። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ፈትሹ፣ ባዶ ከሆነ አዲሱም ባዶ ይሁን።

ማጣሪያው እንዲህ ነው፦ ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥ፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው ግን 6 ይፈቀድ። 2011 እና 2015 እንደዚያ ናቸው። ማጣሪያውን ያላለፈውን ለብቻው አትሙት። በመዝገቡ ሁሉ የጳጉሜን ክፍያ ጭራሽ ካልታየ ገንዘብ ያዦቹ ነሐሴ 30 እያሉ ሲያስገቡ ኖረዋል ማለት ነው፤ በነሐሴ 30 የተመዘገበው ብዛት ከሌሎቹ ቀኖች ጋር ሲነጻጸር ይታወቃል። ያንን ማሽን አያርመውም፤ የደረሰኝ ጥራዝ ነው የሚያርመው።

የሚያስቸግረው የልደት ቀን ነው። 08 ማለት 1908 ነው ወይስ 2008? የአባልነት ቀኑን ከጎኑ አስቀምጡ፦ በ1996 የተመዘገበ ሰው በ2008 ሊወለድ አይችልም፣ ስለዚህ 1908 ነው። በ2012 የተመዘገበው ግን የ104 ዓመት ሽማግሌም የአራት ዓመት የቁጠባ ሕፃንም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ፕሮግራሙ እንዲገምት አትፍቀዱለት፤ የአባልነት ቅጹን አውጥታችሁ እያያችሁ አንድ በአንድ ሙሉ።

ኮዱን ወደ አዲሱ መስክ ከማዞራችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ወር አሠሯቸው። ቢቻል ነሐሴ አጋማሽ ጀምራችሁ መስከረም አጋማሽ ላይ ጨርሱ፤ ሌላው ወር ምንም አያሳያችሁም።

ስለ ደረሰኙ ኮምፒውተር አጭር ነው፦ የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ አልቋል። በቮልቲሜትር ስትለኩት አዲስ 3 ቮልት ያህል ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን፣ ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ። በተጨማሪም ፕሮግራሙ ሲከፈት የማሽኑን ቀን ከመጨረሻው ደረሰኝ ቀን ጋር ያስተያይ፤ ወደ ኋላ የሄደ ከሆነ ደረሰኝ እንዳያትም ይከልክል። ባትሪው ያልቃል፣ ያ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የማይሆን ዓመት እያየ ያተመው ፕሮግራም ግን ጥፋት አለበት።

ጣና_ሒሳብ፦

ይህን አትሜ ለቦርዱ አቀርበዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ወደፊት ሁሉንም ማይኤስኪውኤል ወደተባለው የመረጃ ቋት ለማዛወር ታስቧል። እዚያስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ኮድ_አንባቢ፦

አለ፤ እሱ ላይ ደግሞ ጥፋተኛው ከአሁኑ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ሁላችንም እያወቅን ነው የምንጽፈው። የዩኒክስ ዘር የሆኑ የኮምፒውተር ሲስተሞች (እንደ ሊኑክስ ያሉት) ጊዜን ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምረው በሰከንድ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ምልክት ያለው (ከዜሮ በታችም የሚይዝ) 32 ቢት ከሆነ ከ2,147,483,647 አያልፍም። ያ ሰከንድ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይነሱ ማለት ነው። በቀጣዩ ሰከንድ የቆየ ማሽን ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይመለሳል።

ሊኑክስ በ5.6 እትሙ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ 32 ቢት ማሽኖችን ጭምር ከዚህ አሻግሯል። የማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕ የተባለው የመስክ ዓይነት ግን እዚያችው ሰከንድ ላይ ይቆማል። ብድሩ ረጅም ከሆነ ቀኑ እስኪደርስም አይጠብቅም፤ በ2018 ተሰጥቶ በ15 ዓመት የሚያልቅ የቤት ብድር የመጨረሻ ክፍያው 2033 ላይ ነው፣ ዛሬውኑ አይገባም። ጥብቅ አቀማመጡ ላይ ከሆነ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል፤ ካልሆነ ዜሮ ቀን አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ያኛው ነው የሚያስፈራው።

ዴት ወይም ዴትታይም የሚለውን ዓይነት ተጠቀሙ፤ የፈረንጁን ቀን እዚያ አስቀምጡና የእኛን ለማሳያ ብቻ አስሉ። ለመለወጫው አይሲዩ የተባለው የዩኒኮድ ኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን ካሌንደር ይዟል፤ ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ኢንትል በተባለው ክፍሉ በኩል ያገኘዋል፣ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ «በኢትዮጵያ ካሌንደር የሚሠራ» ብላችሁ አታቁሙ። አራት ቀኖችን ከነመልሳቸው ጻፉና ርክክቡ በእነሱ ይሁን፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ቀን 1896፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፤ አራተኛው ደግሞ የመጨረሻ ክፍያው ከጥር 11 ቀን 2030 በኋላ የሚውል አንድ የሙከራ ብድር፣ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ደረሰኙ ታትሞ የሚታይ።